በቢስክሌት ከቢሾፍቱ እስከ ሐዋሳ፤ የሐይቆቹ መንገድ

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ ለተማሪዎች፥ ለመምህራንና ለወላጆች የተደረገ ንግግር)



በዚህ በትምህርት ቤታችን የደስታ ቀን በመካከላችሁ ቆሜ ጥቂት ቃል እንድናገር ስለ ፈቀዳችሁልኝ ምስጋናዬ ከፍ ያለ ነው። ዛሬ የምነግራችሁ ስለ አንድ መንገድ ነው። ይኸውም ከቢሾፍቱ ተነሥቶ በሞጆ፥ በመቂ፥ በባቱና በሻሸመኔ አልፎ ሐዋሳ የሚደርሰው፥ በግራና በቀኝ ሐይቆችና ኮረብቶች ያጀቡት መንገድ ነው። ርዝመቱ ወደ 230 ኪሎሜትር ይጠጋል። በመኪና የተጓዘ ሰው በግማሽ ቀን ይጨርሰዋል፤ እኔ ግን በአራት ቀን፥ ያውም በቢስክሌት እንድትጓዙት ልመክራችሁ መጥቻለሁ።

«መኪና እያለ ስለ ምን እንደክማለን?» የሚል ጥያቄ በአንዳንዶቻችሁ ልብ እንደሚነሣ አውቃለሁ። መልሱ አጭር ነው። በመኪና የሚሄድ ሰው ሐይቆቹን አንድ በአንድ ያያቸዋል፤ በቢስክሌት የሚሄድ ሰው ግን አንዱ ከሌላው ጋር እንዴት እንደ ተያያዘ በእግሩ ያውቀዋል። ውሃ የሚሄደው ወደ ቁልቁለት መሆኑን ሁላችንም በክፍል ውስጥ ተምረናል። ነገር ግን የትኛው ሜዳ ከየትኛው ሜዳ በጥቂቱ ዝቅ እንደሚል በመኪና መስኮት አይታይም። ቢስክሌት የሚነዳ ሰው ዳገቱ እንደ ጀመረ ጉልበቱ ይነግረዋል፤ ቁልቁለቱ እንደ ጀመረም ነፋሱ በጆሮው ያፏጭለታል። ስለዚህ ቢስክሌት ለእግር የተሠራ የጂኦግራፊ መጽሐፍ ነው ብል ያጋነንኩ አይመስለኝም።

ቢስክሌት ለአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ ጨዋታ ስትካፈል፥ ይኸውም በኅዳር ወር 1949 ዓ.ም. በሜልቦርን ከተማ፥ ከሯጮቻችን ጋር ቢስክሌተኞችም ተልከው ነበር። ከእነርሱም አንዱ ገረመው ደንቦባ በመንገድ ውድድር ስሙን ያስጠራ ሰው ነው። በሐምሌ ወር 2008 ዓ.ም. ደግሞ ጽጋቡ ግርማይ ቱር ደ ፍራንስ በሚባለው በታላቁ የፈረንሳይ ውድድር ላይ ተሰልፏል። እኔ ግን ዛሬ የምናገረው ስለ ውድድር አይደለም። በዚህ ጉዞ ላይ ቀድሞ የደረሰ ሽልማት የለውም፤ ብዙ አይቶና ጠይቆ የደረሰ ግን ይጠቀማል።

አሁን ስለ ዝግጅቱ ጥቂት ልናገር። ለጉዞው የሚሻለው ወራት ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ነው። ክረምቱ ስለ ወጣ መንገዱ ደረቅ፥ አየሩ ቀዝቀዝ ያለ፥ ሜዳውም ገና አረንጓዴነቱን ያልጨረሰ ይሆናል። ውድ ቢስክሌት አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው ጤናማ ቢስክሌት ነው። ከመነሣታችሁ ከአንድ ሳምንት በፊት ፍሬኑን፥ ሰንሰለቱንና ሁለቱን ጎማዎች አስመርምሩ። ትርፍ የውስጥ ጎማ፥ መንፊያ፥ የጎማ መለጠፊያና ጥቂት መፍቻ ያዙ። በከተሞቹ ሁሉ ጎሚስታ ይገኛል፤ በከተሞቹ መካከል ግን ጎማ ሲፈነዳ የሚደርስላችሁ የራሳችሁ እጅ ብቻ ነው። የራስ መከላከያ ሄልሜት ሳያደርግ ማንም አይነሣ።

ስንቅን በተመለከተ ከእናቶቻችን የሚበልጥ አስተማሪ የለም። በሶ ለመንገደኛ የተፈጠረ ምግብ ነው፤ ክብደቱ ትንሽ፥ ኀይሉ ብዙ ነው። ቆሎና ዳቦ ቆሎም እንደዚሁ። እያንዳንዱ ተጓዥ ሁለት ወይም ሦስት ሊትር ውሃ ይያዝ፤ ጥም እስኪሰማውም አይጠብቅ። የስምጥ ሸለቆው ፀሐይ በቀትር ጊዜ ብርቱ ስለ ሆነ፥ ጧት በ12 ሰዓት ተነሥቶ ከቀኑ 6 ሰዓት አካባቢ ማረፍ ይገባል። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ስለሚበረታም ጧት በአንድ ሰዓት የሚሄዱትን መንገድ ማታ በሁለት ሰዓት እንኳ ለመጨረስ ያስቸግራል።

ከአዲስ አበባ የሚነሡ ተማሪዎች ቢስክሌታቸውን በመኪና ጭነው እስከ ቢሾፍቱ እንዲሄዱ እመክራለሁ። እስከዚያ ያለው 45 ኪሎሜትር ያህል መንገድ የከባድ መኪናና የፋብሪካ መንገድ ስለ ሆነ ለጀማሪ አይመችም። በ2007 ዓ.ም. መጀመሪያ የተመረቀው የአዲስ አበባና የአዳማ ፈጣን መንገድም ቢስክሌት አይፈቀድበትም። ከሞጆ ወደ ባቱ የተሠራውም ፈጣን መንገድ እንደዚሁ ለመኪና ብቻ ነው። የእኛ መንገድ በየከተሞቹ መካከል የሚያልፈው አሮጌው አስፋልት ነው።

የመጀመሪያው ቀን የቢሾፍቱ ቀን ነው። ቀድሞ ደብረ ዘይት ትባል የነበረችው ይህች ከተማ 1900 ሜትር ያህል ከባሕር ወለል ከፍ ብላ በሐይቆች መካከል ተቀምጣለች። የቢሾፍቱ ሐይቅ፥ ሆራ፥ ባቦጋያ፥ ኩሪፍቱ እየተባሉ የሚጠሩት ሁሉ እርስ በርሳቸው የተቀራረቡ ስለ ሆኑ ሳይቸኩሉ በአንድ ቀን ዞሮ ማየት ይቻላል። ጉዞው አጭር ቢሆንም ዳገትና ቁልቁለት ስላለበት ለቀጣዮቹ ቀኖች ጉልበትን ያሟሽበታል።

ከእነዚህ ሐይቆች አብዛኞቹ እንዴት ተገኙ? ከመሬት ውስጥ የወጣ የቀለጠ ድንጋይ ከከርሰ ምድር ውሃ ጋር በተገናኘ ጊዜ ውሃው በድንገት ተንኖ መሬቱን እንደ ባሩድ አፈነዳው፤ የቀረውም ጉድጓድ በኋላ ውሃ ሞላበት። ስለዚህ ዙሪያቸው ገደል፥ ውስጣቸውም ጥልቅ ነው። የቢሾፍቱ ሐይቅ ስፋቱ ትንሽ ሲሆን ጥልቀቱ ከ80 ሜትር ይበልጣል። ይህን አኀዝ በልባችሁ ያዙት፤ ወደ ፊት ከሌላ ሐይቅ ጋር እናነጻጽረዋለን። የሆራ ሐይቅ ደግሞ የኦሮሞ ሕዝብ በየዓመቱ የእሬቻን በዓል የሚያከብርበት ስፍራ ስለ ሆነ በአክብሮት ሊጎበኝ ይገባዋል። አየሩ ጥርት ባለ ጧት ወደ ደቡብ ምዕራብ ብትመለከቱ የዝቋላ ተራራ ብቻውን ቆሞ ይታያችኋል። ከፍታው ወደ 3000 ሜትር የሚጠጋ ሲሆን በራሱ ላይ ሐይቅ፥ በሐይቁም አጠገብ የታወቀው የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ገዳም አለ።

ሁለተኛው ቀን ከቢሾፍቱ እስከ መቂ ነው፤ 90 ኪሎሜትር ያህል ይሆናል። እስከ ሞጆ ድረስ መንገዱ ባመዛኙ ቁልቁል ስለሚወርድ ልብን ያስደስታል፤ ነገር ግን የጭነት መኪና የሚበዛበት እዚህ ስለ ሆነ ደስታው ጥንቃቄን እንዳያስረሳ ያስፈልጋል። ከሞጆ በኋላ የአዳማን መንገድ በስተግራ ትተን ወደ ደቡብ እንታጠፋለን። ጥቂት ከሄድን በኋላ የአዋሽ ወንዝና የቆቃ ሐይቅ ይገኛሉ። ቆቃ እንደ ሌሎቹ ሐይቆች የተፈጥሮ አይደለም፤ በ1952 ዓ.ም. ገደማ አዋሽን በግድብ አግዶ ኤሌክትሪክ ለማመንጨት የተሠራ ነው። ከዚያ ወዲህ ዓሣ አጥማጁም፥ ወፉም፥ ጉማሬውም እንደ ጥንት ሐይቅ ለምዶታል።

አሁን የምናገረውን ነገር በተለይ የጂኦግራፊ ተማሪዎች እንድታስተውሉት እለምናለሁ። ከአዋሽ ድልድይ በኋላ በዓለም ጤና በኩል ወደ መቂ ስትነዱ መንገዱ ሜዳ ይመስላል። ይሁን እንጂ እግራችሁ ድካም ይሰማዋል። ብዙ ጀማሪ ቢስክሌተኛ እዚህ ላይ ወርዶ ፍሬኑ ጎማውን ይዞት እንደሆነ ይመረምራል። ፍሬኑ ደኅና ነው፤ መሬቱ ሳይታወቅ ቀስ እያለ ከፍ ስለሚል ነው። ይህ ዐይን የማያየው ከፍታ ታላቅ ድንበር ነው። ከእርሱ በስተሰሜን የሚወርድ ውሃ ወደ አዋሽ ገብቶ ወደ አፋር በረሃ ይሄዳል፤ በስተደቡብ የሚወርደው ግን ወደ ሐይቆቹ ገብቶ በዚያው ይቀራል።

ሊቃውንት አፈሩንና በየኮረብታው ግርጌ የቀረውን የጥንት የውሃ ዳር ምልክት መርምረው እንደ ደረሱበት፥ ከዛሬ 5000 ዓመት በፊትና ከዚያም ቀደም ባለው ዘመን ዝናቡ ብዙ በነበረ ጊዜ፥ ዝዋይ፥ ላንጋኖ፥ አቢጃታና ሻላ አራት ሐይቆች አልነበሩም፤ አንድ ሰፊ ሐይቅ ነበሩ። የዚያ ሐይቅ ውሃ ከዛሬው የሻላ ውሃ ከ100 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ነበር። ሞልቶ ሲተርፍም ይህን ድካም የሰጣችሁን ዝቅተኛ ከፍታ ተሻግሮ ወደ አዋሽ ይፈስ ነበር። እንግዲህ ከመቂ ወደ ደቡብ የምትነዱት በጥንቱ ሐይቅ ወለል ላይ ነው። ሜዳው እንደ ገበታ የተደላደለው፥ በመንገዱ ዳር በተቆፈረ ቦታም ነጣ ያለ ደቃቅ አፈር የሚታየው ስለዚህ ነው።

ሦስተኛው ቀን ከመቂ በባቱ በኩል እስከ ላንጋኖ ነው፤ ርቀቱ 75 ኪሎሜትር ያህል ነው። ከአራቱ ቀኖች ለጉልበት የሚቀለው፥ ለአእምሮ ግን ብዙ ትምህርት የሚሰጠው ይህ ቀን ነው። መቂ ላይ ከጉራጌ ተራሮች የሚመጣውን የመቂን ወንዝ እንሻገራለን። ወንዙ የሚገባው ወደ ዝዋይ ሐይቅ ነው። ከማዶ፥ ከአርሲ ተራሮች የሚመጣው የቀጠር ወንዝም እንደዚሁ ወደ ዝዋይ ይገባል። እነዚህ ሁለት ወንዞች የሐይቁ አባትና እናት ናቸው ማለት ይቻላል።

ዝዋይ ወይም ደምበል የሚባለው ሐይቅ ስፋቱ ከ400 ካሬ ኪሎሜትር በላይ ነው። ጥልቀቱ ግን በጥልቁ ስፍራ እንኳ ከ10 ሜትር አይበልጥም። ጧት በልባችሁ የያዛችሁትን አኀዝ አሁን አስታውሱ። ያ ትንሹ የቢሾፍቱ ሐይቅ 80 ሜትር ጠልቆ፥ ይህ እንደ ባሕር የተንጣለለው ሐይቅ ግን እንደ ሰፊ ገበቴ ጠፍጣፋ ነው። ገበቴ ውስጥ ያለ ውሃ ጥቂት ሲቀዳለት ወዲያው ከዳር ይሸሻል። ይህ ነገር በኋላ ይጠቅመናል።

በሐይቁ ውስጥ አምስት ደሴቶች አሉ። ከሁሉም ትልቁ ቱሉ ጉዶ ሲሆን በላዩ የደብረ ጽዮን ማርያም ገዳም ይገኛል። በአገራችን ታሪክ በጭንቁ ዘመን ታቦተ ጽዮን ወደዚህ ደሴት ሸሽታ ነበር የሚል የቆየ ትውፊት አለ። በደሴቶቹና በሐይቁ ዙሪያ የዘይ ሕዝብ የራሱን ቋንቋ ይዞ ኖሯል። ቀድሞ ዝዋይ ትባል በነበረችው በባቱ ከተማ ወደ ውሃው ዳር ብትወርዱ ዓሣ አጥማጆች ቆሮሶና አምባዛ ሲያወጡ፥ አባ ኮዳም በረጅም እግሩ ቆሞ ፍርፋሪውን ሲጠብቅ ታያላችሁ። ለቢስክሌተኛ ምሳ ከተጠበሰ ቆሮሶ የሚሻል የለም።

ከባቱ በኋላ ቡልቡላ ከተማ ላይ አንድ ድልድይ አለ። በመኪና የሚያልፍ ሰው ሳያየው ያልፋል። እናንተ ግን እዚያ ላይ ከቢስክሌታችሁ ውረዱና ወደ ታች ተመልከቱ። ይህ የቡልቡላ ወንዝ ከዝዋይ ሐይቅ ተነሥቶ ወደ አቢጃታ ሐይቅ የሚወርድ ነው። ከመቂ ጀምሮ መንገዱ እየቀለለ የመጣው ከውሃው ጋር አብራችሁ ወደ ዝቅታ ስለ ወረዳችሁ ነው። ዝዋይ 1636 ሜትር ከፍታ ላይ ሲገኝ አቢጃታ 1580 ሜትር ያህል ላይ ይገኛል። ልዩነቱ 56 ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ የአንድ ሐይቅ ሕይወት ግን በዚህች ጥቂት ቁልቁለት ላይ ተንጠልጥሏል።

ከዚያ ወደ ፊት ሲኬድ በስተግራ ላንጋኖ፥ በስተቀኝ አቢጃታና ሻላ አሉ። ላንጋኖ ውሃው ቀይ ቡኒ መልክ አለው፤ ይህ የሆነው በውሃው ውስጥ ተንሳፎ ሳይዘቅጥ በሚቀረው ደቃቅ አፈር ምክንያት ነው እንጂ ስለ ቆሸሸ አይደለም። ሻላ ከሁሉም ዝቅ ብሎ በጥንት እሳተ ገሞራ ጉድጓድ ውስጥ የተኛ ሲሆን ጥልቀቱ 266 ሜትር ይደርሳል፤ ከኢትዮጵያ የስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ሁሉ ጥልቁ እርሱ ነው። በዳርቻው ፍል ውሃ ይንፈቀፈቃል። አቢጃታና ሻላ ባንድነት ብሔራዊ ፓርክ ሆነው ስለ ተከለሉ፥ ወደ ውስጥ የሚገባ ሰው የፓርኩን ሕግ ሊጠብቅና ከጥበቃ ሠራተኛ ጋር ሊሄድ ይገባል።

አሁን የንግግሬ ዋና ፍሬ ነገር ላይ ደርሻለሁ። አቢጃታ የመጨረሻው ተቀባይ ነው። ከዝዋይ በቡልቡላ፥ ከላንጋኖም በሆራ ቀሎ ወንዝ የሚመጣለትን ውሃ ይቀበላል እንጂ እርሱ ወደ ማንም አያፈስም። ውሃው የሚወጣው ፀሐይ ሲያተነው ብቻ ነው። ስለዚህ ውሃው ጨውና ሶዳ የበዛበት ሆነ። ከእርሱ በላይ ያሉት ሁሉ ጠጥተው የተረፈውን የሚጠብቅ እንደ ሆነ፥ ከላይ አንድ ባልዲ በተቀዳ ቁጥር የሚጎድለው በእርሱ ላይ ነው። ባለፉት አሥርተ ዓመታት በዝዋይ ዙሪያና በወንዞቹ ዳር የመስኖ እርሻ እየሰፋ ሄደ፤ ሽንኩርት፥ ቲማቲም፥ ወይን፥ አበባ ይመረትበታል። ከራሱ ከአቢጃታም ውሃ እየተቀዳ ሶዳ ሲወጣበት ኖሯል። ዝናብም በአንዳንድ ዓመት ያንሳል። በዚህም ሁሉ ምክንያት አቢጃታ ከ1960ዎቹ ዓ.ም. ጋር ሲነጻጸር ከግማሽ በላይ ስፋቱን አጥቷል። ከመንገዱ ዳር ወደ ውሃው የሚደረገው ጉዞ በነጭ ደረቅ ጭቃ ላይ የሚኬድ ረጅም መንገድ ሆኗል።

የወፎቹም ነገር የሚያሳዝን ነው። ፔሊካን የሚባሉት ታላላቅ ነጫጭ ወፎች ጎጆአቸውን የሚሠሩት በሻላ ደሴት ላይ ነበር፤ አውሬ አይደርስባቸውምና። ሻላ ግን ዓሣ የለውም ለማለት ይቻላል። ስለዚህ ለልጆቻቸው ምግብ የሚያመጡት ከጎረቤቱ ከአቢጃታ ነበር። አቢጃታ እየቀነሰ ጨዉ ሲበረታ ዓሣው አለቀ። ቤትና ምግብ በተለያየ ጊዜ ወፎቹ አካባቢውን እየተዉ ራቁ። በአንጻሩ ጨው የሚስማማቸው ፍላሚንጎዎች እስከ ዛሬ በጥልቀት በሌለው ውሃ ላይ ይታያሉ። በአገራችን ምሥራቅ ያለው የሐረማያ ሐይቅም በ1990ዎቹ ዓ.ም. ደርቆ እንደ ነበረ፥ ከዚያም በኋላ ጥቂት ውሃ እንደ ተመለሰበት ታስታውሳላችሁ። እንግዲህ ሐይቅ ሊሞት ይችላል፤ ከተጉለትም ሊያገግም ይችላል።

ይህን ስናገር ገበሬውን ለመውቀስ አይደለም። ሽንኩርቱን የምንበላው እኛው ነን። የመስኖው ውሃ የብዙ ቤተ ሰብ እንጀራ ነው። ነገር ግን ቲማቲም የሚጠጣው ውሃ ከየት ወጥቶ ወዴት ይሄድ እንደ ነበር የማያውቅ ትውልድ ውሃን በልክ ለማካፈል አይችልም። ነገ መሐንዲስ፥ የእርሻ ባለሞያ፥ ዳኛ ወይም ሹም የምትሆኑት እናንተ ናችሁ። ከእናንተ መካከል አንዱ አንድ ቀን ስለዚህ ውሃ ለመወሰን ፊርማውን ያኖር ይሆናል። ያን ጊዜ ካርታውን ብቻ ሳይሆን የቡልቡላን ድልድይ ቢያስታውስ ለአገር ይበጃል። በዚያ በኩል ስታልፉ አንድ ሽማግሌ ሰላም ብላችሁ ውሃው በልጅነታቸው እስከ የት ይደርስ እንደ ነበር ጠይቁ። በእጃቸው ያሳዩአችኋል። በመጽሐፍ ከምታነቡት ይልቅ የዚያች እጅ ጥቆማ በልባችሁ ትቀራለች።

አራተኛው ቀን ከላንጋኖ እስከ ሐዋሳ ነው፤ እርሱም 75 ኪሎሜትር ያህል ሲሆን ከሁሉ የሚከብደው ነው። ከሐይቆቹ ዝቅታ ተነሥቶ ወደ አርሲ ነገሌ የሚወስደው ዳገት ከ300 ሜትር የማያንስ ከፍታ ያስወጣል። ዳገቱ ረጅም ነው እንጂ ቁጡ አይደለም። ቀላሉን ማርሽ ይዞ፥ ትንፋሹን መጥኖ፥ ሳይቸኩል የሚወጣ ሰው ይወጣዋል። የደከመው ወርዶ እየገፋ ቢሄድ ነውር የለበትም፤ «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ተብሏል። በየመካከሉ ወደ ኋላ ዞር ብላችሁ ብትመለከቱ ያለፋችሁባቸው ሐይቆች ሁሉ ከታች ተዘርግተው ታገኛላችሁ። የደጋው አየር፥ የስንዴውና የበቆሎው ማሳ፥ የጥዱ ጥላ ድካማችሁን ያስረሳችኋል።

ሻሸመኔ የመንገዶች መገናኛ ናት። ከዚያ አንዱ መንገድ ወደ ባሌ፥ አንዱ ወደ ወላይታ፥ አንዱም ወደ ሐዋሳ ይሄዳል። ትርፍ ቀን ያላችሁ እንደ ሆነ በደኑና በፍል ውሃው የታወቀው ወንዶ ገነት ቅርብ ነው። ከሻሸመኔ እስከ ሐዋሳ 25 ኪሎሜትር ገደማ ሲሆን መንገዱ ሲወርድ ሲወርድ ይሄዳል። በቁልቁለት ላይ ግን ፍሬን እየቆጠቡ መያዝ ያስፈልጋል፤ «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» የሚለው ተረት ለቢስክሌተኛ የተነገረ ይመስላል።

ወደ ከተማይቱ ስትገቡ የጥቁር ውሃን ወንዝ ትሻገራላችሁ። የሐዋሳ ሐይቅ ዋና ገባሪ እርሱ ነው። ሐዋሳም እንደ አቢጃታ በምድር ላይ የሚታይ መውጫ የለውም፤ ውሃው ግን ጨዋማ አይደለም። ሊቃውንት ከከርሰ ምድር ጋር ስለሚገናኝና ሰርጎ ስለሚወጣ ነው ይላሉ። እንግዲህ ሁለት መውጫ የሌላቸው ሐይቆች፥ አንዱ ጨዋማ፥ አንዱ ጨው የሌለው መሆናቸውን አይታችሁ በመምጣት የክፍል ጓደኞቻችሁን ልትጠይቁበት የምትችሉ ጥሩ እንቆቅልሽ ነው። የሐዋሳ ጎዳናዎች ሰፊና ለጥ ያሉ ስለ ሆኑ ለቢስክሌት የተመቹ ናቸው። በአሞራ ገደል የዓሣ ሾርባ ጠጥታችሁ፥ ታቦር ተራራ ላይ ወጥታችሁ ሐይቁን ቁልቁል ስታዩ የአራቱ ቀን ድካም ዋጋ ያገኛል።

አሁን ቃሌን ወደ ወላጆች ልመልስ። ልጆቻችሁን በዚህ መንገድ ላይ ለመልቀቅ ብትፈሩ ፍርሃታችሁ በቂ ምክንያት አለው። በአገራችን መንገድ ላይ በመኪና አደጋ የሚጠፋው ነፍስ ብዙ ነው፤ ቢስክሌተኛም የሚከላከልለት ብረት የለውም። ስለዚህ ጉዞው ያለ ሥርዓት አይደረግ። ከስድስት የማይበልጡ ተማሪዎች አንድ ቡድን ይሁኑ፤ ከፊት አንድ መምህር፥ ከኋላም አንድ በዕድሜ የበሰለ ሰው ይሂድ። አንዱ በአንዱ ኋላ ተሰልፎ ይነዳ እንጂ ጎን ለጎን እየተጨዋወቱ አይነዳ። ደማቅ ልብስ ይልበሱ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ከመንገድ ይውጡ። ከመነሣታቸውም በፊት በየወረዳው ስለ ጸጥታው ሁኔታ ይጠየቅ፤ የሚያሰጋ ወሬ ካለ ጉዞው ለሌላ ጊዜ ይተላለፍ። ሐይቆቹ ዓመት ይጠብቃሉ፤ የልጅ ነፍስ ግን አትተካም። ይህ ሁሉ ተሟልቶ ሲገኝ ወንዱንም ሴቷንም ልጃችሁን እንድትፈቅዱላቸው እለምናችኋለሁ። ሴቶች ልጆቻችንም በአፍሪካ የቢስክሌት ውድድር ላይ ለአገራቸው ሲሰለፉ እያየን ለአራት ቀን ጉዞ ይደክማሉ ብለን ልናስቀራቸው አይገባንም።

ለተማሪዎችም አንድ ምክር አለኝ። ይህ መንገድ የእናንተ ከመሆኑ በፊት የሌሎች ነው። የፈረስ ጋሪ የሚነዳው ወጣት፥ ውሃ የተሸከመችው እናት፥ ከብት የሚያሻግረው እረኛ፥ ከትምህርት ቤት የሚመለሰው ሕፃን በየቀኑ ይመላለሱበታል። እናንተ እንግዶች ናችሁ። ከብት ሲሻገር ቁሙ፤ ደወል እያቃጨላችሁ አታስደንግጡ። ሽማግሌ ስታገኙ ቀድማችሁ ሰላም በሉ፤ በኦሮምኛ «አካም» ማለትን የማያውቅ ተጓዥ ከመነሣቱ በፊት ይማር። ሕፃናት እየሮጡ ቢከተሉአችሁ ፈገግ በሉ እንጂ አትሳደቡ። የበላችሁበትን ላስቲክና የጠጣችሁበትን ጠርሙስ በሐይቅ ዳር ጥሎ መሄድ በሰው ቤት በልቶ ገበታውን እንደ መስበር ነው።

ንግግሬን ከመፈጸሜ በፊት ለትምህርት ቤታችን አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። በየዓመቱ በጥቅምት ወይም በኅዳር አንድ የተማሪዎች ቡድን ይህን መንገድ ቢጓዝ፥ በአራት ስፍራዎችም ላይ፥ ይኸውም በመቂ ድልድይ፥ በባቱ ሐይቅ ዳር፥ በቡልቡላ ድልድይና በአቢጃታ ዳርቻ ቆሞ የውሃውን ሁኔታ ቢለካ፥ ፎቶግራፍም አንሥቶ በትምህርት ቤቱ መዝገብ ቢያኖር፥ ከአሥር ዓመት በኋላ ትልቅ ዋጋ ያለው ጽሑፍ ይኖረናል። የሚያስፈልገው ሜትር፥ ማስታወሻ ደብተርና ጠንካራ ጉልበት ብቻ ነው። የዛሬዎቹ ታናናሾች የታላላቆቻቸውን መዝገብ ይዘው በዚያው ስፍራ ይቆማሉ፤ ውሃው ቀርቦ እንደሆነ ወይም ሸሽቶ እንደሆነም ራሳቸው ይመሰክራሉ።

እግዚአብሔር ተጓዦቹን በሰላም ያድርስ፤ ትምህርት ቤታችንንም ለብዙ ዘመን ያኑርልን።